ኮዱን ከመክፈት በፊት ደንበኛው የሚከፍለው ለምን እንደሆነ ይታወቅ

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

በአዲስ አበባ በሚገኙ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅቶች ዘንድ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፤ ለዓመታት የደከሙበትን የደመወዝ፣ የንብረት ቁጥጥር ወይም የትምህርት ቤት አስተዳደር ፕሮግራም የምንጭ ኮዱን፣ ማለትም ባለሙያው የጻፈውን የፕሮግራሙን ጽሑፍ፣ ማንም ሰው አይቶ፣ ተጠቅሞና አሻሽሎ እንዲያሠራጨው በሚፈቅድ ውል ለሕዝብ ቢለቁት፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ኦፕን ሶርስ ቢያደርጉት፣ ይጠቀማሉ ወይስ ይጎዳሉ የሚል። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በሁለት ጎራ ተከፍሎ ይካሄዳል። አንደኛው ወገን "ልፋታችንን በነጻ ሰጥተን ምን ልንበላ ነው?" ይላል፤ ሌላው ደግሞ ዓለም ሁሉ ወደዚያ እየሄደ ስለሆነ ከፍቶ መጠበቅ ብቻ የሚበቃ ይመስለዋል። የደመወዝና የሒሳብ ፕሮግራም ሠርቶ በሚተክል አነስተኛ ድርጅት ውስጥ የምሠራ ሰው እንደመሆኔ፣ ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ጉዳይ የሳቱት ስለመሰለኝ አስተያየቴን በጋዜጣዎ በኩል ለማካፈል ወደድሁ።

አቋሜን ከወዲሁ ልግለጽ። አብዛኛው የአገራችን አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት የሚሸጠውን ፕሮግራም ዋና ክፍል ቢከፍተው ከሚያጣው ይልቅ የሚያገኘው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ይህን የምለው የበጎ አድራጎት ስሜት ይዞኝ፣ ወይም ከውጭ የሚመጣ ነጻ ጉልበት ተስፋ አድርጌ አይደለም። ምክንያቴ፣ ደንበኛው ገንዘቡን የሚከፍለው ለኮዱ አለመሆኑ ነው።

ይህን ለማየት ከደመወዝ ፕሮግራም የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የገቢ ግብር አዋጁ ሲሻሻል ግብር የማይከፈልበት የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፤ ከዚያ በላይ ያሉት እርከኖችም ተቀየሩ። በፕሮግራማችን ውስጥ ለዚህ ሲባል የተነካው ኮድ አንድ ሠንጠረዥ ብቻ ነበር፤ ጠዋት ተጀምሮ ከምሳ በፊት አለቀ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ግን ሳምንታት ፈጀ። ኢንተርኔት ወደሌላቸው ቅርንጫፎች ፍላሽ ይዞ መሄድ ነበረብን፤ የወሩን ደመወዝ በአሮጌው ስሌት ቀድመው ያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች ሰነዳቸውን ሰርዘው እንደገና እንዲያወጡ መርዳት ነበረብን፤ ከግብር ማስታወቂያ ቅጹ ጋር አብሮ የሚሄደው ሪፖርት በሳንቲም እንኳ እንዳይዛነፍ መመርመር ነበረብን። አንዲት የሒሳብ ሹም የአንድ የጥበቃ ሠራተኛ የደመወዝ ወረቀት ይዛ፣ የተጣራ ክፍያው ለምን ከፍ እንዳለ እንድናስረዳት ጠይቃን፣ ስሌቱን በእጃችን ወረቀት ላይ ሠርተን እስክናሳያት ድረስ አላመነችንም። የጡረታ መዋጮው፣ ማለትም የሠራተኛው 7 በመቶና የአሠሪው 11 በመቶ፣ ባለበት መቆየቱ በዚያ ሰሞን እፎይ ያሰኘን ብቸኛ ነገር ነበር። ታዲያ ያቺ የሒሳብ ሹም "ኮዱን በነጻ አውርጂው" ብትባል ምን ትሠራበታለች? እርሷ የምትከፍለው ሕግ ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ ፕሮግራም፣ ስትደውል ስልክ የሚያነሳና ሲጠራ የሚመጣ ሰው እንዲኖራት ነው።

ይህ ለሁሉም ድርጅት አይሠራም። ዋጋው በሙሉ በአንድ የረቀቀ ስሌት ላይ ያረፈ ሥራ አለ፤ ለምሳሌ የእጅ ጽሑፍን ወይም ንግግርን ወደ ፊደል የሚለውጥ ፕሮግራም ሠርቶ፣ ከተሸጠ በኋላ ምንም ዓይነት ክትትል የማይጠይቅ ከሆነ፣ ኮዱን መልቀቅ ሱቁን ከነዕቃው መስጠት ነው። እንዲህ ዓይነቱን ድርጅት ዝጋ እንጂ ክፈት አልለውም። ነገር ግን በአገራችን ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ምርቶች፣ የፋርማሲ፣ የሆቴል፣ የትምህርት ቤት፣ የቁጠባና ብድር ማኅበራት ፕሮግራሞች፣ ከዚህ ምድብ የሚገቡ አይደሉም። ብዙዎቹ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ፣ የሚለያዩትም በተከላቸው ሰው ትጋት ነው።

እንዲያውም ተመሳሳይነታቸው ወደ አንድ የሚያሳዝን ብክነት ይመራናል። የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር እንውሰድ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጳጉሜን 6 ቀን ሆና ስለነበር የ2016 አዲስ ዓመት የዋለው በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በ12 ነበር፤ በ2019 ዓ.ም. ማብቂያም እንዲሁ ይሆናል። ቀንን ከአንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው የሚለውጠውን ኮድ በየድርጅቱ ያለ ባለሙያ ለብቻው ይጽፈዋል፣ ለብቻውም ይሳሳትበታል፤ ስህተቱም ጎልቶ የሚታየው በየአራት ዓመቱ ስለሆነ ጸሐፊው ድርጅቱን ለቅቆ ከሄደ በኋላ ነው የሚገኘው። የስም ፍለጋም ከዚህ የተለየ ዕጣ የለውም። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ "ፀሐይ" ብላ ስትፈልግ፣ ሌላ ሰው "ጸሀይ" ብሎ ያስገባው ታካሚ ወይም ተማሪ አይገኝም፤ ፋይል የለም ተብሎ አዲስ ይከፈታል፤ ያው ሰው በሁለት ቁጥር ይመዘገባል። ሀ፣ ሐ፣ ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ የሚቆጥር ጥቂት ኮድ ችግሩን ያቃልለዋል። ይህም ሆኖ እያንዳንዱ ድርጅት ያንኑ እንደ ምስጢር ይይዘዋል። የአባት ስምን በቤተሰብ ስም ቦታ የማያስገባ የምዝገባ ቅጽ፣ የብር መጠንን በአማርኛ ቃላት ጽፎ በቼክ ላይ የሚያወጣ ኮድ፣ የክልልና የወረዳ ዝርዝር፣ እነዚህ ሁሉ የማንም ድርጅት የበላይነት መሠረት ሊሆኑ አይችሉም። ሙሉ ምርቱን ለመክፈት ያልቆረጠ ድርጅት ቢያንስ ከእነዚህ ቢጀምር፣ ምንም ሳያጣ የሌሎችን ዓይንና እርማት ያገኛል።

ሙሉ ምርትን ስለመክፈት ደግሞ ከማውቃቸው ታሪኮች ለእኛ ሁኔታ ይበልጥ የሚቀርበው ከኒውዚላንድ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሆሮዌኑዋ በተባለው አካባቢ ያሉትን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚያስተዳድረው ተቋም፣ ይጠቀምበት የነበረው ፕሮግራም የ2000ን ዓመት መግቢያ መሻገር የማይችል ሆነበት። ካቲፖ ኮሙኒኬሽንስ የተባለ አነስተኛ ድርጅት በድረ ገጽ መልክ የሚሠራ አዲስ የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም ሠራለት። ኮሃ የሚል ስም የተሰጠው ይህ ፕሮግራም በጃንዋሪ 2000 ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ጂፒኤል በሚባለው፣ የተሻሻለው ኮድም ክፍት ሆኖ እንዲቀጥል በሚያስገድድ ፈቃድ ለሕዝብ ተለቀቀ። ሁኔታውን ልብ ይሏል፤ ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ማዋስ እንጂ ሶፍትዌር መነገድ ሥራቸው አይደለም፤ ካቲፖም ዓለምን ዞሮ የሚሸጥ የሽያጭ ኃይል ያለው ድርጅት አልነበረም። ኮዱ ተዘግቶ ቢቀመጥ ኖሮ ፕሮግራሙ በአንድ አገር ያሉ ጥቂት ቤተ መጻሕፍት የሚያውቁት ሆኖ ይቀር ነበር። ዛሬ ኮሃ በብዙ አገሮች፣ በእኛም ዩኒቨርሲቲዎች ቤተ መጻሕፍት ጭምር፣ ያገለግላል፤ እርሱን በመትከል፣ በማሠልጠንና በመጠገን ብቻ የሚተዳደሩ ድርጅቶችም በአሜሪካና በፈረንሳይ ሳይቀር ተፈጥረዋል።

ካቲፖስ ምን አገኘ? እ.ኤ.አ. በ2007 የኮሃ የሥራ ክፍሉን ሊብላይም ለተባለ የአሜሪካ ድርጅት ሸጠ። ኮዱ ማንም በነጻ የሚያወርደው ሆኖ ሳለ ገዢ የተገኘው በዙሪያው ለተገነባው ሥራ ነው። ከሁሉ ይበልጥ ትርፋማ የሆነው ካቲፖ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን "በነጻ የሰጠ ባዶ እጁን ይቀራል" ለሚለው ፍርሃት ይህ በቂ መልስ ነው። ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። ሊብላይምን ኋላ ላይ የገዛው ሌላ የአሜሪካ ድርጅት በኒውዚላንድ የኮሃን ስም በንግድ ምልክትነት በራሱ ስም ለማስመዝገብ አመለከተ። ፕሮግራሙን በጋራ ሲያሳድጉ የኖሩት ቤተ መጻሕፍትና ባለሙያዎች ገንዘብ አዋጥተው ተቃወሙ፤ ማመልከቻውም በመጨረሻ ውድቅ ተደረገ። ኮዱን ማንም ሊወስደው አይችልም ነበር፤ ስሙን ግን ሊወስደው የሞከረ ነበር። ከዚህ የምማረው ቀላል ነው፤ ኮዱን ለመክፈት ያሰበ ድርጅት ከዚያ በፊት የምርቱን ስም በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ያስመዝግብ። ሌላው ሰው ኮዱን ወስዶ ሊሠራበት ይችላል፤ በእኛ ስም መጥራት ግን አይችልም። ደንበኛ የሚያምነው ስምን ነውና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከቢዝነስ ፕሮግራሞች ዓለም ደግሞ ሁለት መንገዶችን እናያለን። የቤልጂየሙ ኦዱ አንዱን እትም በነጻና በክፍት ኮድ ይለቃል፤ ተጨማሪ ክፍሎች ያሉበትን ሌላውን እትም ግን በክፍያ ይሸጣል። በሕንድ ሙምባይ የተሠራው ኢአርፒኔክስት ግን ሙሉ በሙሉ በጂፒኤል ክፍት ነው፤ አዘጋጁ ፍራፔ የሚኖረው ፕሮግራሙን በራሱ ሰርቨር ላይ አስቀምጦ በማከራየትና በድጋፍ አገልግሎት ነው። ሁለቱንም በአዲስ አበባ የሚተክሉ ድርጅቶች አሉ፤ የእኛ የሀገር ውስጥ ምርቶች በየመሥሪያ ቤቱ የሚገጥሟቸው ተወዳዳሪዎችም እነርሱ ናቸው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ዓመታዊ ፈቃድ በዶላር የሚከፍሉ ድርጅቶች ዓይናቸውን ወደ ነጻዎቹ እትሞች እንዳዞሩ በየቢሮው ሲነገር ሰምቻለሁ። እንግዲህ የተዘጋው የሀገር ውስጥ ፕሮግራም የሚወዳደረው ከተዘጋ ፕሮግራም ጋር ብቻ አይደለም። ደንበኛው ኮዱን አይቶ፣ ከፈለገም ሌላ ባለሙያ ቀጥሮ ሊያስቀጥለው ከሚችለው ክፍት ፕሮግራም ጋር ነው። እኛ በዚያ ላይ ያለን ብልጫ ዘመን አቆጣጠሩን፣ የግብር ቅጹን፣ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያውንና ቋንቋውን ማወቃችን ነው፤ ይህ ብልጫ ደግሞ ኮዱ ሲከፈት አይጠፋም።

ስርቆትን በተመለከተ የሚነሳው ስጋት ግን በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ብዙዎች የሚጠቅሱት በውጭ የደረሰውን ነው። ኢላስቲክ የተባለው ድርጅት በክፍት ፈቃድ የለቀቀውን የፍለጋ ፕሮግራም አማዞን በኢንተርኔት በሚያከራያቸው የራሱ ሰርቨሮች (ክላውድ) ላይ አገልግሎት አድርጎ ስለሸጠበት እ.ኤ.አ. በ2021 ፈቃዱን አጠበበ፤ አማዞንም የቀድሞውን ቅጂ ይዞ ኦፕንሰርች በሚል ስም በራሱ መንገድ ቀጠለ። ሃሺኮርፕና ሬዲስ የተባሉት የሶፍትዌር ድርጅቶችም፣ የመጀመሪያው በ2023፣ ሁለተኛው በ2024 ተመሳሳይ እርምጃ ወሰዱ፤ የሁለቱም ተጠቃሚዎች የቀድሞውን ክፍት ኮድ ይዘው ኦፕንቶፉና ቫልኪ የተባሉ ተፎካካሪዎችን አቋቋሙ። ኢላስቲክ በ2024፣ ሬዲስ ደግሞ በ2025 ተመልሰው ኤጂፒኤል የተባለውን ክፍት ፈቃድ ጨመሩ። ከፍቶ መዝጋት ከሁሉም የከፋ መንገድ መሆኑን እነዚህ ታሪኮች በሚገባ ያሳያሉ፤ አስቀድሞ የተለቀቀው ኮድ አይመለስም፣ የተጠቃሚው እምነት ግን ይሄዳል። ይሁን እንጂ አማዞን ካዛንቺስ ድረስ መጥቶ የእኛን የደመወዝ ፕሮግራም አይወስድም። የእኛ ስጋት ሌላ ነው፤ ጎረቤት ያለ ድርጅት ኮዳችንን አውርዶ፣ አርማውን ቀይሮ፣ በዝቅተኛ ዋጋ ጨረታ ላይ ሊቀርብብን ይችላል።

ለዚህ መልሱ የፈቃዱ ዓይነት ነው፤ ብዙ ባለሙያዎቻችንም በዚህ ጉዳይ ላይ ሲቸኩሉ አያለሁ። ኤምአይቲ ወይም አፓቼ የሚባሉትን ፈቃዶች የመረጠ ድርጅት፣ ሌላው ሰው ኮዱን ወስዶ፣ አሻሽሎ፣ ዘግቶ እንዲሸጠው ፈቅዷል። ጂፒኤል ግን ፕሮግራሙን አሻሽሎ ለሌላ የሰጠ ሰው ያሻሻለውን ኮድ ለተቀባዩ በዚያው ፈቃድ እንዲሰጥ ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ኤጂፒኤል ደግሞ ፕሮግራሙን ሳይሰጥ በኢንተርኔት ብቻ እንዲገለገሉበት በሚያደርግ ሰው ላይም ይኸው ግዴታ እንዲኖር ያደርጋል። ለአነስተኛ የቢዝነስ ፕሮግራም የምመክረው ይህን የመጨረሻውን ነው። ጎረቤታችን ኮዳችንን ቢወስድ፣ የጨመረበትን ሁሉ ለደንበኛው በክፍት ኮድ መስጠት አለበት፤ ስለዚህ ሥራው በጨለማ አይሄድብንም። ኮዱ ሙሉ በሙሉ የእኛ እስከሆነ ድረስ ደግሞ፣ ግዴታውን ለማይፈልግ ትልቅ ደንበኛ ለብቻው በክፍያ ሌላ ፈቃድ ልንሸጥለት እንችላለን። የዳታቤዝ ፕሮግራም ሠሪው የስዊድኑ ማይኤስኪውኤል ያደገው በዚህ መንገድ ነበር፤ ሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲገዛው ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ነው የከፈለው። ፈቃድን ያፈረሰ ተወዳዳሪን በፍርድ ቤት መከራከር ጊዜና ገንዘብ እንደሚጠይቅ፣ አነስተኛ ድርጅት ደግሞ ሁለቱም እንደሚያጥሩት አልክድም። ነገር ግን የተዘጋ ኮድስ መቼ ተጠበቀ? የቁልፍ ቁጥሩ ተሰብሮ በፍላሽ ከቢሮ ወደ ቢሮ የማይዞር የተሸጠ ፕሮግራም በከተማችን ማግኘት ይከብዳል።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላኛው ወገን የዋህነት ልመለስ። ኮዱን የከፈተ ድርጅት በማግሥቱ ከየአቅጣጫው የሚጎርፍ ነጻ አስተዋጽኦ የሚያገኝ የሚመስላቸው አሉ። የዓለም ኢንተርኔት ግማሽ ጎኑ የተደገፈበት ኦፕንኤስኤስኤል የተባለው ክፍት የመረጃ መመስጠሪያ ፕሮግራም እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሃርትብሊድ የተባለው ከባድ የደኅንነት ጉድለት ሲገኝበት፣ በዓመት የሚያገኘው ልገሳ ወደ 2,000 ዶላር ብቻ እንደነበረና በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ እንደኖረ ዓለም ሁሉ የሰማው ያን ጊዜ ነው። የእኛን የንብረት ቁጥጥር ፕሮግራም የሚያነብማ ማን አለ? የሚመጣው አስተዋጽኦ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥቂት ይሆናል፤ የመጣውንም መርምሮ ለመቀበል ወይም በትሕትና ለመመለስ የራሳችን ሰው ጊዜ ይወስዳል። ፕሮግራሙን ማንም ባለሙያ ያለ እኛ እርዳታ እንዲተክለው የሚያደርግ መመሪያ መጻፍ ብቻውን ከባድ ሥራ ነው። በየኮዱ መሐል በላቲን ፊደል በአማርኛ የተጻፉ ማስታወሻዎቻችንን፣ አንዳንዶቹ በንዴት የተጻፉትን ጭምር፣ ያየ ሰው የምለውን ይረዳል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቤትን ማጽዳት ይቀድማል፤ ከሁሉም ይልቅ የሚያሰጋኝም ይኸው ነው። በአነስተኛ ድርጅት ውስጥ ኮድ የሚጻፈው በጥድፊያ ስለሆነ የደንበኛው የዳታቤዝ የይለፍ ቃል ኮዱ ውስጥ ተጽፎ ይቀራል፤ ለሙከራ ተብሎ የገባው መዝገብም ብዙ ጊዜ የእውነተኛ ሠራተኞች ስም፣ ደመወዝና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ነው። የይለፍ ቃሉን ከመጨረሻው ቅጂ ላይ መሰረዝ አይበቃም፤ ባለሙያዎች የኮድ ለውጦችን የሚያስቀምጡበት ጊት የተባለው መሣሪያ የቀድሞውን ሁሉ መዝግቦ ስለሚይዝ፣ ከሦስት ዓመት በፊት የተሰረዘውም ቢሆን ፈልጎ የሚያገኘው ሰው አይጠፋም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ እንዲህ ዓይነቱ ዝርክርክነት ነውር ብቻ ሳይሆን የሕግ ተጠያቂነትም የሚያስከትል ሆኗል። ስለዚህ የቆየውን ታሪክ ትቶ በንጹሕ ቅጂ መጀመር፣ የይለፍ ቃሎችን በሙሉ በየደንበኛው ዘንድ መቀየር፣ የሙከራ መዝገቡን በፈጠራ ስሞች መተካት የግድ ነው። ይህን ለማድረግ ጊዜ የሌለው ድርጅት ኮዱን ለመክፈትም ጊዜው አልደረሰም።

የባለቤትነት ጉዳይም አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል፤ ሊከፍት የሚችለውም መብቱ ያለው ሰው ብቻ ነው። ከአነስተኛ ድርጅቶቻችን ምርቶች ብዙዎቹ የተወለዱት ለአንድ ደንበኛ በትዕዛዝ ከተሠራ ሥራ ነው፤ ኋላ ላይ ተስተካክለው ለሌሎች ተሸጡ። የመጀመሪያው ውል ስለ ኮዱ ባለቤትነት ምን ይላል? በትርፍ ሰዓቱ አንዱን ክፍል የጻፈልን፣ አሁን በውጭ አገር የሚኖረው ወዳጃችንስ ምን ፈርሟል? ውሎቹን ገልጦ ማየትና ያልተጻፈውን አሁን አስፈርሞ መያዝ ከኋላ ጭቅጭቅ ያድናል።

በመጨረሻም፣ ይህን ሁሉ አመዛዝኖ ለመዝጋት የወሰነ ድርጅት ቢኖር መብቱ ነው፤ ደንበኛው ግን እንዳይታሰር ይገባዋል። አንድ የግል ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን የብዙ ዓመት ውጤት ያስቀመጠበት ፕሮግራም፣ ሠሪው ድርጅት ፈርሶ፣ የዳታቤዙን የይለፍ ቃል የሚያውቀው ብቸኛ ሰው ስልኩን ቀይሮ፣ ትራንስክሪፕት ለመጻፍ የወረቀት መዝገቦችን ከመጋዘን እያወጣ ሲገለብጥ አይቻለሁ። ሥራውን ሊቀበል የመጣ ሌላ ድርጅትም ኮዱም ሆነ ቁልፉ በሌለበት ከዜሮ ከመጀመር በቀር ምርጫ አልነበረውም። ይህን የሚያስቀር አንቀጽ በውል ውስጥ ማስገባት ከባድ አይደለም፤ ኮዱ በየእትሙ በገለልተኛ ወገን ዘንድ፣ ለምሳሌ በጠበቃ ወይም በባንክ፣ ይቀመጥ፤ ሠሪው ድርጅት ቢዘጋ ወይም ለተወሰነ ጊዜ ድጋፉን ቢያቋርጥ ኮዱ ለደንበኛው ይለቀቅ፤ መረጃውም በማናቸውም ጊዜ በተለመደ ቅርጽ፣ በሠንጠረዥ ፋይል፣ ለደንበኛው እንዲወጣለት ይሁን። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሶፍትዌር ጨረታ ሰነድ ሲያዘጋጁ ዝቅተኛውን ዋጋ ብቻ ከመጠየቅ ይልቅ ይህን አንቀጽ እንደ መስፈርት ቢያስገቡ፣ ኮዳቸውን ለከፈቱ ድርጅቶችም ይህ መስፈርት እንደተሟላ ቢቆጥሩላቸው፣ ለመክፈት የሚያመነቱት ብዙዎቹ ያለ ማንም ስብከት ያስቡበታል። የግዥ ደንቦችን የሚያወጡ ኃላፊዎች ይህን ደብዳቤ ቢያነቡት፣ በሚቀጥለው የጨረታ ሰነዳቸው ላይ እንዲሞክሩት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ